የሁለት ቤት ቆጠራ

እውነትን ለክብሩ ሲል የሚያጣምም ሰው ትልቁን ነገር በጥንቃቄ ይሸፍንና በትንሹ ይያዛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሐሰተኛ ዐይኑን የሚጥለው ጥቅሙ ባለበት ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ እውነት ግን ማንም በማይጠቀምበት ቦታም ቢሆን ያው እውነት ናት። ከዚህ በታች የሚተረከው የአንድ ሽማግሌ አሟሟት ይህንን ያስረዳል። አንባቢ በሟቹ ቢያዝን መልካም ነው፤ በገዳዩ ቢማር ግን ይበልጣል።

ሽማግሌው የተገኙት በሥራ ክፍላቸው ወለል ላይ ነበር፤ ጭንቅላታቸው በብረት ምድጃው ጠርዝ ሥር፣ አንድ እግራቸው በወደቀው መሰላል እርከኖች መካከል። ከአጠገባቸው የተሰባበረ ጠመኔ ተበትኗል። ያገኘቻቸው ከገበያ የተመለሰችው አንድ ልጃቸው ናት። ሰፈሩ «ጋሽ ወንፊት» ይላቸው ነበር። ዕድሜያቸውን በሙሉ ኮሌጅ ውስጥ ሒሳብ አስተምረው፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ቁጥርን እንደ ዱቄት ሲነፉ የኖሩ ሰው ናቸውና ስሙ አላስከፋቸውም።

የፖሊስ ጣቢያው አለቃ በስልክ ሲነገረው፣ «ሽማግሌ ከመሰላል ወድቆ ሞተ፤ አለቀ» ብሎ ነገሩን ሊዘጋው ነበር። ልጅቷ ግን አልተወችውም። «ወድቀው አልሞቱም፤ ሰው ላኩልኝ» ብላ ደጋግማ ስለ ደወለች፣ አለቃው የሚገላገልበትን ሰው ላከላት። ይህ መርማሪ ጎልማሳ፣ ዝምተኛ፣ ኮቱ ሁልጊዜ አንድ ቁልፍ የሚጎድለው ሰው ነው። ባልደረቦቹ «አቶ ለምን» ይሉታል። የማይጠየቅ ነገር ጠይቆ የተዘጋ ፋይል ስለሚያስከፍት ብዙም አይወዱትም።

ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ፣ ጀርባዋን ለክፍሉ ሰጥታ ጠበቀችው። ወጣትነቷ ገና ሳያልፍ ፊቷ የደከመ ሴት ነበረች።

«ወድቀው ነው የሚለውን ለምን አላመንሽም፣ እህቴ?»

«የታችኛውን ሰሌዳ ይንኩት» አለችው።

በግድግዳው ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ የተሰቀሉ ሁለት ሰፋፊ ጥቁር ሰሌዳዎች ነበሩ። የላይኛው እስከ ጣሪያው ይደርሳል፤ በደቃቃ አኃዝ ጢም ብሎ ሞልቷል። በታችኛው ላይ የተጻፉት ሦስት ረድፎች ብቻ ናቸው። መርማሪው የታችኛውን ክፈፍ በጣቱ ዳበሰው። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ነበር።

«ለምን ረጠበ?»

«ይህንን እንዲነግሩኝ ነው የጠራሁዎ። አባዬ ሰሌዳ በውሃ አያጥቡም። ውሃ የነካው ሰሌዳ ጠመኔ አይቀበልም ይላሉ። ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ አጥቤባቸው አኩርፈውኝ ውለዋል። መጥረጊያቸው ያ ምስማሩ ላይ የተንጠለጠለው ደረቅ ጨርቅ ነው።»

«ምን እንደ ተጻፈበት አይተሻል?»

«አላየሁም። እሳቸውን ላነሣ ስጎነበስ እጄ ክፈፉን ነክቶ ረጠበ። ከዚያ በሩን ዘግቼ ወጣሁ። አሁንም ወደዚያ ፊቴን አላዞርም፤ አይፍረዱብኝ።»

መርማሪው በክፍሉ ጥግ ካለው የእጅ መታጠቢያ ሥር የተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ አገኘ። ከዚያም ከልጅቷ አንሶላ ተቀብሎ ሁለቱንም ሰሌዳዎች ሸፈነ። ሐኪሞች መጥተው አስከሬኑን ካነሡ በኋላ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

«ዛሬ ወደዚህ ቤት ማን መጣ?»

«ጠዋት አጎቴ መጥተው ተጨቃጨቁ። ከምሳ በኋላ ደግሞ የኮሌጁ የትምህርት ክፍል ኃላፊ መጡ፤ እኔ ስወጣ እሳቸው ሲገቡ በር ላይ ተገናኘን።»

«ባለቤትሽስ?»

«እሱ ኮሌጅ ነው። የአባዬ ተማሪ ነበር፤ አሁን በእሳቸው ወንበር ላይ ሊሾም ነው። ንግግሩን ሲጽፍ ነው የሚውለው።» ነጠላዋን አጠባብቃ፣ «ገና አልነገርኩትም» አለች። «እንዴት ብዬ ልንገረው? ከእኔ ይልቅ እሱ ነበር ልጃቸው የሚመስለው።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም አናጢ ናቸው። መርማሪው ከሥራ ቦታቸው ሲደርስ መጋዙን ሳያስቀምጡ ተቀበሉት።

«መሰላሉን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ይኸው!» አሉ ደረታቸውን እየመቱ። «አሁን ሰፈሩ ሁሉ ‹የአናጢው መሰላል ወንድሙን በላ› እያለ ነው። አንተ ልጅ፣ ስማኝ፤ እኔ የሠራሁት መሰላል ዝሆን ይሸከማል! ወንድም ጋሼ ደግሞ ምን ሰውነት አላቸው? ነፋስ የሚወስዳቸው ሰው ነበሩ።»

«ጠዋት በምን ተጣላችሁ?»

አናጢው መጋዙን አስቀመጡ። ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«በልጅቷ ነዋ። እሷም እኮ ትምህርት ወዳድ ነበረች። ለአባቷ ቁጥር ስትል ትታው ካርቶን ስትበሳ ኖረች። ‹አንቱ ሰው፣ ለማይበላ ለማይጠጣ ነገር የልጅዎን ዕድሜ ፈጁት› አልኳቸው። አንቱ እያልኩም ቢሆን ስድብ ስድብ ነው።»

«እሳቸውስ ምን መለሱ?»

«‹እውነትህን ነው› አሉኝ።» ሽማግሌው አናጢ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። «ከልጅነታችን ጀምሮ ስንጨቃጨቅ አንድ ቀን እውነትህን ነው ብለውኝ አያውቁም! ከመደንገጤ የተነሣ ባርኔጣዬን ጥዬ ወጣሁ።»

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ግን መጋዝ ይዘው የሚቀበሉ ሰው አልነበሩም። ሰፊ ቢሮ፣ ሰፊ ጠረጴዛ፣ ከሁለቱም የሰፋ ፈገግታ ነበራቸው።

«ትልቅ ሰው አጣን» አሉ። «ምሰሶ ወደቀ ማለት ይቻላል።»

«ያን ቀን ለምን ሄዱ?»

«ለሹመቱ በዓል የግብዣ ካርድ ላደርስላቸው ነበር።»

«ጸሐፊ የለዎትም እንዴ?»

ኃላፊው ሳቁ። «ለክብራቸው ስል በእጄ ይሁን ብዬ ነው።»

«ምን አሉዎ?»

«አመሰገኑኝ። ደስ አላቸው። ምን ይላሉ ሌላ?»

መርማሪው አመስግኖ ወጣ። ነገሩ ግን አልተዋጠለትም። በዚያ ቤት ውስጥ ያልፈተሸው መሳቢያ አልነበረም፤ የግብዣ ካርድ የሚባል ነገር ግን አላየም።

አማቹን ያነጋገረው ሽማግሌው በሞቱበት ዕለት ምሽት፣ በዚያው በሟቹ ቤት ሳሎን ውስጥ ነበር። ከሁለቱ አዛውንት በፊት መሆኑ ነው። አማቹ መልከ መልካም፣ ንግግሩ የታረመ፣ ሐዘኑም እንደ ልብሱ የተተኮሰ ሰው ነበር። ለቅሶ የሚገባበት ቦታ ላይ ያለቅሳል፤ ዝምታ የሚያምርበት ቦታ ላይ ዝም ይላል።

«ከሰዓት በኋላ የት ነበሩ፣ መምህር?»

«ቢሮዬ ውስጥ። ብቻዬን ንግግሬን ስጽፍ ነበር።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ቀመሬ። አማቴ ቁጥሮችን አንድ በአንድ ለቅመው ነው የሚቆጥሩት። እኔ ግን ሳይለቀሙ በየክፍላቸው ስንት እንደሆኑ የሚናገር ቀመር አግኝቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የመጨረሻ ማስተካከያ ጨምሬበታለሁ፤ እስካሁን ከእሳቸው በቀር ለማንም አላሳየሁትም።»

«ተቀበሉት?»

አማቹ ዐይኑን በመሐረብ አበሰ። «መጀመሪያ ላይ ተጠራጥረው ነበር። ሽምግልና ነው እንግዲህ። ነገር ግን የመጨረሻ ረድፎቻቸው ከቀመሬ ጋር አንድ ናቸው። ከእኔ ጋር ተስማምተው ዐረፉ። እኔም የምጽናናው በዚህ ነው።»

መርማሪው ራሱን ነቀነቀና ኮቱን ሰብስቦ ወጣ።

ከቀብሩ በኋላ መርማሪው ልጅቷን የአባቷን ሥራ ታስተምረው ዘንድ ለመናት። በምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጡ። እሷም በአባቷ አነጋገር አስረዳችው።

«ቁጥር ሁለት ዓይነት ነው። እንደ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት ያለው ከራሱና ከአንድ በቀር የሚያካፍለው የለም፤ ብቸኛ ቁጥር ይባላል። ሌላው ከብቸኞቹ ተባዝቶ የተሠራ ነው፤ ስብጥር እንለዋለን። አባዬ የሚቆጥሩት ስብጥሮቹን ነው። እያንዳንዱን ስብጥር በውስጡ ባለው ትልቁ ብቸኛ አካፋይ ቤት ያስገቡታል። ሠላሳን ይውሰዱ።»

«ሠላሳ ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ አምስት ነው።»

«ስለዚህ የት ይገባል?»

«አምስት ቤት። ትልቁ እሱ ነው።»

«ሃያ ስምንትስ?»

«ሁለት፣ ሁለት፣ ሰባት… ሰባት ቤት።»

«ተማሩልኝ!» አለች፤ አባቷ ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ። «እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ሺህ ይጨምራል። የላይኛው ሰሌዳ እስከ አርባ ሺህ ያሉትን ስብጥሮች በየቤታቸው ቆጥሮ ይዟል። የማይገባውን ቁጥር የምንለየው በእነዚህ በተበሱ ካርቶኖች ነው፤ ደራርበን ወደ ብርሃን እንይዛቸዋለን። ሁሉንም የበሳኋቸው እኔ ነኝ።»

«ሰባት ራሱስ? ሰባት ቤት ውስጥ ይቆጠራል?»

«በፍጹም! አባዬ በዚህ ቀልድ አያውቁም። ሰባት የቤቱ ባለቤት ነው፤ ባለቤት ከእንግዶቹ ጋር አይቆጠርም ይሉ ነበር። ብቸኛ ነው እንጂ ስብጥር አይደለማ። ሌሎቹ የሒሳብ ሰዎች ሁሉንም ደባልቀው ይቆጥራሉ፤ ይቀላቸዋል። እሳቸው ግን አሻፈረኝ እንዳሉ ኖሩ።»

መርማሪው አሰበና፣ «ከአርባ አንድ ሺህ እስከ አርባ ሦስት ሺህ ያሉትን ሦስት ረድፎች እንደ ገና ቁጠሪልኝ። ለማንም ሳትናገሪ፣ ሰሌዳውንም ሳታዪ» አላት።

እሷ ካርቶኖቿን ስትደራርብ መርማሪው አናጢውን ጠርቶ ወደ ሥራ ክፍሉ ገባ። መሰላሉን አቁሞ ሊወጣ ሲል አመነታ።

«ውጣ እንጂ! ዝሆን ነው አልኩህ!» አሉ አናጢው ከሥር ጥርቅም አድርገው ይዘውት።

ከአንሶላው ሥር ገብቶ የላይኛውን ሰሌዳ አነበበ። በሁለት ቤት ዓምድ ውስጥ የሰፈረው ከሠላሳ ሦስት ሺህ ጀምሮ እስከ አርባ ሺህ ድረስ ያው አሥራ አራት ነበር። ወረደና የታችኛውን አየ፤ በሦስቱም ረድፎች አሥራ አምስት ይላል። መርማሪው በመዳፉ ላይ በእርሳስ አራት ብሎ ጻፈና እጥፍ እያደረገ ሄደ። መዳፉ ሞልቶ ወደ ክንዱ ተሻገረ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አሉ አናጢው።

«ሁለት ቤት ውስጥ ማን ማን እንዳለ እያየሁ ነው።»

«እኔ እኮ የሚያብድ ሰው የበቃኝ ነበር» አሉ አናጢው ለራሳቸው።

ልጅቷ ቆጠራዋን ስትጨርስ ወረቀቱን ለመርማሪው ለመስጠት እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

«ምነው?»

«በአሥራ ሦስት ቤትና በአሥራ ሰባት ቤት ያለው ከባለቤቴ ቀመር ይርቃል። ቀመሩ ከዚህ በላይ አልሳሳትም የሚለውን ወሰን አልፎ ሄዷል። ሁለት ጊዜ ደግሜ ቆጥሬዋለሁ።» ከንፈሯን ነከሰች። «ይህ ከወጣ ሹመቱ ቀረ። ስሙም ይጠፋል። ትዳሬ ነው እኮ።»

«ትደብቂው ይሆን?»

ካርቶኖቿን አንድ በአንድ ደርድራ አስተካከለች።

«አባዬ ቢኖሩ ይደብቁት ነበር?» አለችና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው ሁሉንም በሥራ ክፍሉ ሰበሰባቸው። አናጢው በመስኮቱ ሥር፣ ኃላፊው ባመጡላቸው ወንበር ላይ፣ ልጅቷና ባሏ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሁለት ፖሊሶች በር ላይ ቆሙ።

«ሥራ አለብኝ» አለ አማቹ ሰዓቱን እያየ። «ሹመቱ ለነገ ነው የተዛወረው።»

«አላስቆይዎትም። መጀመሪያ አንድ ትንሽ ጥያቄ አለችኝ። እስከ አርባ ሦስት ሺህ ድረስ በሁለት ቤት ውስጥ ያሉት ስንት ናቸው?»

አማቹ ፈገግ አለ፤ ተማሪ የጠየቀው መሰለው። «ይህማ ምን ያስቸግራል? በሁለት መሠረት ሎጋሪዝሙን ወስዶ ትርፍራፊውን መጣል ነው። አሥራ አምስት።»

«አሥራ አራት» አለች ሚስቱ በዚያው ቅጽበት።

ሁለቱ ተያዩ።

«እንግዲህ ከሁለት አንዳቸው ነው» አሉ አናጢው።

«ሁለቱም ልክ ናቸው» አለ መርማሪው። «አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ስድስት እያልን እጥፍ ስናደርግ አሥራ አራተኛው ሠላሳ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ስድሳ ስምንት ነው። የሚቀጥለው ከስድሳ አምስት ሺህ በላይ ስለሆነ፣ በመካከል ያለው ረድፍ ሁሉ አሥራ አራት ማለት አለበት። አሥራ አምስት የሚሆነው ሁለት ራሷ ከተቆጠረች ብቻ ነው። መምህር ሁለትን ይቆጥሯታል፤ ጋሽ ወንፊት ግን በሕይወታቸው ቆጥረዋት አያውቁም።»

ይህንን ብሎ አንሶላውን ሳበው። ሰሌዳዎቹ ተገለጡ።

«ከላይ አሥራ አራት፣ ከታች አሥራ አምስት። ሽማግሌው በአርባ ሺህና በአርባ አንድ ሺህ መካከል የዕድሜ ልክ ደንባቸውን ለምን ይጥላሉ? የታችኛውን የጻፈው ሌላ ሰው ነው። እጃቸውን አስመስሎ ጽፏል፤ ግን ከመሰላል ካልወጣ በቀር የላይኛውን ማንበብ አይችልም። መሰላሉ ደግሞ ወድቆ ነበር፤ የሟቹም እግር በእርከኖቹ መካከል ነበር።»

«ይህ ልማድ ነው!» አለ አማቹ። «በሙያችን ሁሉም እንዲህ ይቆጥራል። ኃላፊውም ቢሆኑ…»

«እኔን ተወኝ!» አሉ ኃላፊው ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «እኔ የፊዚክስ ሰው ነኝ!»

መርማሪው ቀጠለ። «ሁለተኛ፣ ሰሌዳው በውሃ ታጥቧል። ደረቅ ጨርቅ የቀድሞውን ጽሕፈት ጥላ ይተዋል፤ ውሃ ግን አይተውም። ስለዚህ ከእነዚህ ረድፎች ሥር እንዲጠፉ የተፈለጉ ሌሎች ነበሩ። ሦስተኛ፣ ወደ ቀሩት ቤቶች እንሂድ። በላይኛው ሰሌዳ ላይ እውነተኛው ቆጠራ ከቀመሩ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ይላል፤ የተለቀመ ነገር እንዲህ ነው። በታችኛው ላይ ግን በየቤቱ ያለው ሁሉ የቀመሩን ውጤት አንድም ሳይዛነፍ ይደግማል። ያውም አሮጌውን ቀመር አይደለም፤ ባለፈው ሳምንት የተስተካከለውን ነው፤ ከመሳቢያዎ ካገኘሁት ረቂቅ ጋር አስተያይቼዋለሁ። ያን ቀን እሱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዱ ሞተዋል።»

ልጅቷ ከወንበሯ ተነሥታ ወደ ታችኛው ሰሌዳ ቀረበች። ከአባቷ ሞት ወዲህ ፊቷን ወደዚያ ስታዞር የመጀመሪያዋ ነው። በጣቷ የአሥራ ሦስትን ቤት፣ ከዚያም የአሥራ ሰባትን ቤት ተከተለች።

«እኔ የቆጠርኩት ይህንን አይደለም» አለች።

«አራተኛ» አለ መርማሪው ድምፁን ሳያነሣ፣ «በዚያ ምሽት ‹የመጨረሻ ረድፎቻቸው ከቀመሬ ጋር አንድ ናቸው› አሉኝ። እርስዎ ቤት ሲገቡ ሰሌዳው ተሸፍኖ፣ በሩ ተቆልፎ፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። በየት አዩት?»

«ባለቤቴ ነገረችኝ።»

«እኔ?» አለች። ዞራ እንኳ አላየችውም። «እኔ ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

መርማሪው ወደ ኃላፊው ዞረ።

«የግብዣ ካርዱ የት አለ?»

«የምን… ካርድ?»

«በእጅዎ ያደረሱት። እዚህ ቤት የለም። ለምን ነበር የመጡት?»

ኃላፊው ላባቸውን ጠረጉ። ያ ሰፊ ፈገግታ የት እንደ ገባ አይታወቅም። «ጠርተውኝ ነው። ሹመቱ ትንሽ ይዘግይ አሉኝ።»

«ይቅር አሉዎ ወይስ ይዘግይ?»

«ይዘግይ ነው ያሉት። ‹ልጄ ቀመሩ ላይ ስንጥቅ አለበት፤ በአደባባይ ሳይዋረድ ይጠግነው፤ እኔም አግዘዋለሁ› አሉኝ። እኔ ደግሞ እንግዳው ሁሉ ተጠርቷል፣ የማይሆን ነው አልኩ። ቢሮዬ እንደ ተመለስኩ ለእሱ ደወልኩለትና ‹አማትህን አንድ በልልኝ፣ ሊያዋርዱህ ነው› አልኩት። በኋላ ላነጋግረው ወደ ቢሮው ብሄድ ተቆልፎ ነበር።»

«ሊያዋርዱህ ነው ብለው ነው የነገሩት?» አሉ አናጢው። «ላግዘው ያሉትን ሰው?»

ኃላፊው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

አማቹ እስከዚህ ድረስ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ነበር። አሁን ትከሻው ወረደ። ሚስቱ ከሰሌዳው ዞር ብላ ከፊቱ ቆመች።

«ለምን ነበር መሰላሉ ላይ የወጡት?» አለችው።

«ሊያሳዩኝ» አለ በሹክሹክታ። «ስንጥቁ ከሠላሳ ስምንት ሺህ አካባቢ ጀምሮ መታየት ይጀምራል አሉኝ። ‹ና ልጄ፣ ከላይ ጀምረን አብረን እንየው፤ ጊዜ አለን› አሉኝ። ጊዜ የለኝም አልኳቸው። ነገ ወዲያ ነው አልኳቸው። አልሰሙኝም፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ይቆጥሩ ነበር። እኔም መሰላሉን…»

«‹ልጄ› እያሉህ?»

«አዎ።»

«እኔ ስመጣስ? እሳቸውን አንሥቼ ስጮህስ የት ነበርክ?»

«ቢሮዬ ተመልሼ ነበር። ንግግሬን እጨርስ ነበር።»

ልጅቷ እጇን አነሣች፤ ልትመታው ነው ብለው ፖሊሶቹ አንድ እርምጃ ቀረቡ። እሷ ግን የጋብቻ ቀለበቷን አውልቃ በጉልበቱ ላይ አስቀመጠችና ወደ አጎቷ ሄደች። አናጢው ተቀብለው ራሷን በደረታቸው ላይ አስጠጉት።

«አይዞሽ የወንድሜ ልጅ፣ አይዞሽ» አሉ።

ሰውዬውን ለግድያ የሚያበቃው ምንም ነገር አልነበረም። ሁለት ቀን ቢታገሥ ስሕተቱ በአማቱ እጅ ይታረምለት ነበር፤ ወንበሩም አያመልጠውም ነበር። የሚገርመው የገደላቸው ሊያዋርዱት ባሰቡ ጊዜ ሳይሆን ሊያድኑት በወጡበት መሰላል ላይ መሆኑ ነው። ክብርን ከእውነት ያስቀደመ ሰው የሚወደውንና የሚጠላውን መለየት ያቅተዋል።

ፍርድ ቤቱ የልጅቷን ቆጠራ በሦስት የውጭ ባለሙያዎች አስመርምሮ ትክክለኛ መሆኑን አረጋገጠ። ተከሳሹ ሰው በመግደልና ማስረጃ በማጥፋት ጥፋተኛ ተብሎ ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ይግባኝ ጠየቀ፤ ይግባኙ ውድቅ ሆነ። ኮሌጁ ሹመቱን ሰርዞ የማስተማር ፈቃዱን ነጠቀው፤ ቀመሩም ከመማሪያ ክፍል ወጣ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ለፖሊስ የሐሰት ቃል በመስጠታቸው ከኃላፊነታቸው ተነሡ። ጋብቻው በሚስቱ ጥያቄ ፈረሰ። ሰውዬው እስከ ዛሬ ድረስ በወህኒ ቤት ይገኛል፤ ምሕረት ቢያመለክትም አልተፈቀደለትም።